ቆጵሮስ ያለ ቪዛ (ለማን?)

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ቆጵሮስን ያውቃታል። የበርናባስ አገር ናት፤ ጳውሎስና በርናባስ ለስብከት ሲወጡ በመርከብ መጀመሪያ የደረሱባት ደሴት። ካምፓስ በር ላይ በየስልክ እንጨቱ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነበበ ደግሞ «ሳይፕረስ»ን ያውቃታል። «ያለ አይኤልትስ፣ ያለ ባንክ ስቴትመንት፣ በአጭር ጊዜ አውሮፓ!» የምትባለዋ እሷ ናት። እኔ ሁለቱ አንድ አገር መሆናቸውን ያወቅሁት ሁለተኛ ዓመት ከደረስኩ በኋላ ነው። (ያውም የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ። አትሳቁ።) ቆጵሮስ የሐዋርያት አገር፣ ሳይፕረስ የደላላ አገር ሆነው ጭንቅላቴ ውስጥ ለየብቻ ይኖሩ ነበር።

ዛሬ ስለዚህች ደሴት እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሰርግ ነው።

አክስቴ ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤል የሆነ ሰው አግብታ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ከተነሱት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነበረች። ልጇ እዚያው እስራኤል ተወለደች፣ እዚያው ተማረች፣ እዚያው ወታደር ሆነች፣ እዚያው ፍቅር ያዛት። ታዲያ አንድ ቀን ደወለችልኝና «ላርናካ ነው የምንጋባው። ነይ እንጂ! ቆጵሮስ እኮ ቪዛ አይጠይቅም፣ ፓስፖርት ይዞ መነሳት ነው» አለችኝ።

«ላንቺ ነው የማይጠይቀው» አልኳት።

ዝም አለች። ቅር እንድትሰኝ ብዬ አልነበረም። ግን ገባኝ፤ ይህች ልጅ በሕይወቷ አንድም ቀን ይህን አስባው አታውቅም። የአንድ አያት የልጅ ልጆች ነን። አንዳችን ሻንጣ አንጠልጥለን አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ የምንደርስበት ቦታ፣ ለሌላችን በወረቀት ክምር የተከበበ ነው። «እንዴት እንዲህ ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ፤ መንገዱ ላይ ለተጓዥ የሚጠቅም ነገርም አለበት። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።)

ለሰርግ ለምን ባሕር ይሻገራሉ?

መጀመሪያ ይህን እንፍታው። ቴል አቪቭ ውስጥ አዳራሽ ጠፍቶ ነው ወይ ላርናካ የሚጋቡት?

ነገሩ የሚጀምረው ከቱርኮች ነው። የኦቶማን መንግሥት ተገዢዎቹን በሃይማኖት ከፋፍሎ፣ ጋብቻና ፍቺያቸውን ለየራሳቸው የሃይማኖት ዳኞች ይተው ነበር። እስላሙ ለቃዲው፣ ክርስቲያኑ ለጳጳሱ፣ አይሁዱ ለረቢው። እንግሊዞች ፍልስጥኤምን ሲረከቡ ሥርዓቱን አልነኩትም። እስራኤልም በ1948 ስትመሠረት ወረሰችው፤ በ1953 በወጣ ሕግ ደግሞ የአይሁዶች ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት ሥር ሆኖ ቀረ። ስለዚህ እዚያ አገር ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈራረም የሚባል ጋብቻ የለም።

በአይሁድ የሃይማኖት ሕግ ደግሞ አይሁድነት የሚቆጠረው በእናት ነው። አክስቴ ማተቧን እስከ ዛሬ አልበጠሰችም። ልጅቷ አገሯን በወታደርነት አገልግላለች፣ ግብር ትከፍላለች፣ ሕልሟን የምታልመው በዕብራይስጥ ነው፤ ሰርጓ ላይ ሲደርስ ግን የእናቷ ማተብ ይቆጠራል። መፍትሔው ወይ ሃይማኖት መቀየር ነው፣ ወይ ወደ ውጭ መውጣት። እሷ ሁለተኛውን መረጠች።

ቆጵሮስ ለዚህ ጉዳይ የታወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1963 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ታሪካዊ ውሳኔ ሰጠ። ፉንክ ሽሌዚንገር በሚል ስም የሚታወቀው መዝገብ ነው። አንዲት ቤልጅየማዊት ክርስቲያን ከአንድ እስራኤላዊ አይሁድ ጋር ቆጵሮስ ላይ ተጋብታ ትመለሳለች፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋብቻውን አልመዘግብም ይላል። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? የመዝጋቢው ሥራ ያቀረቡለትን ሕጋዊ የጋብቻ ወረቀት አይቶ መመዝገብ እንጂ ጋብቻው በሃይማኖት ዓይን ትክክል ነው አይደለም ብሎ መፍረድ አይደለም አለ። በዚች ቀዳዳ በኩል ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጥንድ እንደሾለከ ፈጣሪ ይወቀው። ሙሽሮቹ ጠዋት ይበርራሉ፣ ያላገቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀትና የልደት ሰርተፍኬት ለማዘጋጃ ቤቱ ያቀርባሉ፣ ይፈራረማሉ፣ ማረጋገጫውን ያስመታሉ፣ ባሕር ዳር ዓሣ በልተው ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ለባዕድ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት በማዘጋጃ ቤት ስታጋባ የኖረችው ቆጵሮስ፣ ለራሷ ለግሪክ ኦርቶዶክስ ልጆቿ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የፈቀደችው በ1990 ነው። እስከዚያ ድረስ ለእነሱ ያለ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አልነበረም። የጎረቤትን ልጅ እየዳሩ የራስን ልጅ መከልከል ማለት ይኸው ነው።

«ዛሬማ በኢንተርኔትም ይቻላል» የምትሉ ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ያለ አንድ ካውንቲ ከኮሮና ወዲህ በቪዲዮ ያጋባል፤ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2023 እነዚህ ጋብቻዎች ይመዝገቡ ብሏል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሐሳብ አቅርባ ነበር አሉ። አክስቴ «ልጄን ለኮምፒውተር አልድርም» ብላ ዘጋችው። ወደ ላርናካ ተወሰነ።

ሁለቱ ዝርዝሮች

አሁን ወደ እኔ ፓስፖርት እንመለስ።

የአውሮፓ ኅብረት የዓለምን አገሮች በሁለት ዝርዝር አስቀምጧል። አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው ቪዛ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ውስጥ ያለ ሰው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ አንደኛው ላይ ናት፣ እስራኤል ሁለተኛው ላይ። ቆጵሮስ ኅብረቱን የተቀላቀለችው በግንቦት 1 ቀን 2004 ነው፤ ዩሮ መጠቀም የጀመረችው በ2008። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሸንገን ውስጥ አልገባችም፣ የምትከተለው ግን እነዚህኑ ሁለት ዝርዝሮች ነው።

የ90 ቀኑን ሒሳብ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። «ሦስት ወር ቆይቼ ለአንድ ቀን ወጥቼ ብመለስ እንደገና ሦስት ወር ይሰጠኛል» የሚል ወሬ አለ። አይሰጥም። የሚቆጠረው ከዛሬ ወደ ኋላ 180 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ የተቀመጣችሁባቸው ቀኖች ተደምረው ከ90 ማለፍ የለባቸውም።

ለእኛ ዓይነቱ ተጓዥ በ2014 የተከፈተች አንዲት ጠባብ በር ነበረች። በዚያ ዓመት በወጣው የኅብረቱ ውሳኔ መሠረት፣ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው የቆጵሮስ ቪዛ ሳይጠየቅ እንዲገባ ቆጵሮስ ተስማማች። ለምሳሌ ለስብሰባ ጀርመን የተጋበዘ ኢትዮጵያዊ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ከሆነ በዚያው ላርናካን አይቶ መመለስ ይችላል ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? ሚያዝያ 2024 ላይ ግን የኅብረቱ ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ዜጎቹን በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር። በውሳኔው መሠረት ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ለኢትዮጵያውያን እንዳይሰጥ ተባለ፤ 15 ቀን የነበረው የማመልከቻ ጊዜም 45 ቀን ሆነ። ልብ በሉ፣ ውሳኔው ውስጥ ቆጵሮስ የሚል ቃል ፈልጋችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። ነገር ግን ያቺ ጠባብ በር የምትከፈትበት ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛ ነበር። የቪዛ ሕግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዱ ጋ ሲነካ ሌላው ጋ ይዘጋል።

እኔስ? በቀጥታ የቆጵሮስ ቪዛ ለመጠየቅ ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ደብተር፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቦታ። የባንክ ደብተሬ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ አየሁት። የጀማሪ ጋዜጠኛ ደብተር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ገንዘቡ እስኪሞላ ስል፣ ደብዳቤው እስኪደርስ ስል፣ የሰርጉ ቀን ቀድሞኝ ሄደ። ማንም አልከለከለኝም። ግን አልሄድኩም።

ዮሐንስ ዘቆጵሮስ

በንዴት ሳነብ ያገኘሁት ሰው ነው ያረጋጋኝ።

በ1291 መስቀለኞች የመጨረሻ ምሽጋቸውን አክራን ሲነጠቁ፣ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ከሶርያና ከፍልስጥኤም ጠረፍ ወደ ቆጵሮስ ጎረፉ። ፋማጉስታ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሜዲትራኒያን ሀብታም ወደቦች አንዷ ሆነች። ከተማዋን ሞልተው የነበሩት ግሪኮችና ላቲኖች ብቻ አይደሉም፤ አርመኖች፣ ማሮናውያን፣ ያዕቆባውያን፣ ንስጥሮሳውያን፣ ግብጻውያን ነበሩ። ከእነሱ መካከል የእኛ ሰዎችም አሉ። የጊዜው አውሮፓውያን ሐበሻን «ሕንድ» ማለት ይወዱ ስለነበር መዛግብቱን የሚያነብ ሰው ሕንድ የሚል ቃል ሲያይ ቆም ማለት አለበት።

እንዴት ደረሱ? በኢየሩሳሌም በኩል ነው። የሐበሻ መነኮሳት በግብጽ በረሃ አድርገው ኢየሩሳሌም ይሳለሙ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ደግሞ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወርዶ መርከብ ላገኘ ሰው ቆጵሮስ የቀጣይዋ ቀን ጎዳና ናት ማለት ይቻላል።

በ1509 ገደማ፣ ደሴቷ በቬኒስ ሰዎች እጅ እያለች፣ ከኢትዮጵያውያን እናትና አባት አንድ ልጅ እዚያ ተወለደ። ስሙ ዮሐንስ። ኢጣሊያ ሄደ፤ ከዚያ የኢቤርያ ምድር፤ ከዚያ እስከ ሕንድ ጎዋ ድረስ ተጓዘ። በመጨረሻ ሮም ላይ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለው የሐበሾች ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። ይህ ገዳም በ1548 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የነበሩበት ነው። ዮሐንስ በ1560ዎቹ በሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ተደርጎ ተሾመ። ታሪኩን ያጠኑ ሊቃውንት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሁለተኛው ጥቁር ጳጳስና የመጀመሪያው ጥቁር የጳጳሱ መልእክተኛ ይሉታል። እምነቱን ስለቀየረ አንዳንዶቻችሁ ቅር ሊላችሁ ይችላል፤ የእኔ ነጥብ እሱ ላይ አይደለም። ቆጵሮስ ተወልዶ፣ ሮም፣ ጎዋ ደርሶ መመለስ የቻለ የሐበሻ ልጅ ከ500 ዓመት በፊት ነበር ነው የምለው።

አሁን «ያኔ ቪዛ አልነበረም፣ ዓለም ነፃ ነበረች» ብዬ ልጨርስ ነበር። ሳስበው ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቪዛ ባይኖርም በረሃ ነበረ፣ ሽፍታ ነበረ፣ የግብጽ ማምሉኮች ነበሩ፣ የባሕር ወንበዴ ነበረ። ተሳላሚ የሚጓዘው ከአንድ መስፍን ወይም ጳጳስ የይለፍ ደብዳቤ ለምኖ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ መንገድ ላይ የቀረው ከደረሰው ይበልጥ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ልዩነቱ ሌላ ነው። ያኔ መንገዱ ለሁሉም ከባድ ነበር፤ የቬኒሱም ነጋዴ ባሕር ይውጠዋል። ዛሬ መንገዱ ቀላል ሆኖ ሳለ ለአንዱ ብቻ ነው የሚከብደው። ፓስፖርት በዛሬ መልኩ ዓለም አቀፍ ቅርጽ የያዘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920 ፓሪስ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። አያቶቻችን ሲወለዱ እንኳ ገና አዲስ ነገር ነበር ማለት ነው።

ቬኒሶች ብዙ አልቆዩም። ኒቆስያ በመስከረም 1570፣ ፋማጉስታ ደግሞ ከረጅም ከበባ በኋላ በነሐሴ 1571 በቱርኮች እጅ ወደቁ። የደሴቷ ነገሥታት «የኢየሩሳሌም ንጉሥ» እየተባሉ ዘውድ ይጭኑበት የነበረው የፋማጉስታ ካቴድራል መስጊድ ሆነ፤ ዛሬም መስጊድ ነው። ቱርኮች 300 ዓመት ገደማ ገዙ፤ በ1878 እንግሊዞች ተረከቡ።

ሽቦ የታጠረባት ደሴት

የሚቀጥለውን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ስነግራት አላመነችኝም ነበር።

ዛሬ እስራኤላውያን ያለ ቪዛ ለሰርግና ለሽርሽር የሚገቡባት ቆጵሮስ፣ ከነሐሴ 1946 እስከ የካቲት 1949 ድረስ አይሁዶች የሚታሰሩባት ደሴት ነበረች። ከናዚ ካምፖች የተረፉ ሰዎች በአሮጌ መርከቦች ተጭነው ወደ ፍልስጥኤም ሲሄዱ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መንገድ ላይ እየያዘ ወደ ቆጵሮስ ይወስዳቸው ነበር። ፋማጉስታ አጠገብ ካራኦሎስ በሚባል ቦታና ወደ ላርናካ በኩል ዴኬልያ አካባቢ፣ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት፣ ዙሪያው የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ። በጠቅላላው ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለፈበት። ወደ ፍልስጥኤም የሚገባው በኮታ ነው፤ በወር 1,500 ሰው፣ ከዚያ ግማሹ ከቆጵሮስ። ተራ ሲጠብቁ ተጋቡ፣ ወለዱ። ከ2 ሺህ በላይ ሕፃናት እዚያ ካምፕ ውስጥ ተወልደዋል። እስራኤል በግንቦት 1948 ከተመሠረተች በኋላ እንኳ ለውትድርና የደረሱ ወንዶች እስከሚቀጥለው የካቲት ድረስ አልተለቀቁም።

«ስለዚህ አያቶቻቸው ተራ የጠበቁባት ደሴት ላይ ነው የምትጋቡት» አልኳት።

«የአያቶቻቸው እንጂ የእኔ አያትማ ጎንደር ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አረንጓዴው መስመር፣ ለመንገደኛ

ቆጵሮስን ለመጎብኘት የምታስቡ ካላችሁ ይህን ክፍል ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የጉዞ መጽሔቶች ስለ አሸዋው ነው የሚያወሩት፤ ሰው የሚያስቸግረው ግን መስመሩ ነው።

ደሴቷ 9,251 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት፣ ጣናን ሦስት ጊዜ ብታስቀምጡት የሚያህል። በዚች ላይ ከ1960 ነፃነት በኋላ ግሪክኛ ተናጋሪውና ቱርክኛ ተናጋሪው ተስማምተው መኖር የቻሉት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1963 ደም ፈሰሰ፤ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ኒቆስያን ለሁለት የሚከፍል መስመር በአረንጓዴ እርሳስ ካርታ ላይ አሰመረ። ስሙ በዚያው ቀረ፣ አረንጓዴው መስመር። በሐምሌ 1974 ግሪክን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ ጁንታ የደገፈው መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፣ በአምስተኛው ቀን የቱርክ ጦር ገባ፣ በነሐሴ የደሴቷን ሲሶ ያዘ። ግሪኮቹ ወደ ደቡብ፣ ቱርኮቹ ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ዛሬ መስመሩ 180 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ መሐሉን የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ይጠብቁታል። የድሮው የኒቆስያ አውሮፕላን ማረፊያም እዚያው መሐል ቀርቶ፣ አንድ የተበሳሳ አውሮፕላን እስከ ዛሬ ቆሞበታል። እስከ ሚያዝያ 2003 ድረስ ተራ ሰው አይሻገርም ነበር። በዚያ ወር መሻገሪያው በድንገት ሲከፈት ሰዎች ከ29 ዓመት በኋላ የተወለዱበትን ቤት ሊያዩ ተሰለፉ። በሩን የከፈተላቸው ሌላ ቤተሰብ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ሰሜኖቹ 65 በመቶ «እንዋሃድ» አሉ፣ ደቡቦቹ 76 በመቶ «በዚህ ውል አይሆንም» አሉ። በሳምንቱ ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። በወረቀት ላይ ደሴቷ በሙሉ ገባች፤ የኅብረቱ ሕግ ግን ሰሜኑ ላይ እንዳይሠራ ታገደ። የደላላው ማስታወቂያ የሚያድረው እዚች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

የክፍል ጓደኛዬ በዚያ ማስታወቂያ ሄዷል። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ። በኢስታንቡል አድርጎ ሰሜኑ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ገንዘብ የቱርክ ሊራ ነው፣ መንግሥቱን ከቱርክ በቀር ያወቀው አገር የለም። ኒቆስያ ሄዶ ሌድራ ጎዳና ላይ ቆመ። በ2008 የተከፈተ የእግረኛ መሻገሪያ ነው። «ማዶ ሰዎች ማኪያቶ ሲጠጡ አያለሁ። አውሮፓ እሷ ናት። ሃምሳ እርምጃ አትሆንም» ብሎ ጽፎልኛል። እሱ ጋ ያለው የሰሜኑ የተማሪ ወረቀት እንጂ የደቡቡ ቪዛ አይደለም። ክፍያው አልቻል ሲለው ተመልሶ መጣ፤ ቤተሰቡ ግን ዕዳውን አሁንም እየከፈለ ነው።

ስለዚህ፦ ሰሜኑ ያለው የኤርጃን አውሮፕላን ማረፊያ በቆጵሮስ ሪፐብሊክ ሕግ ከ1974 ጀምሮ የተዘጋ በር ነው፤ በዚያ የገባ ሰው በሕገ ወጥ መንገድ እንደገባ ይቆጠራል። ሕጋዊው በር ላርናካ ወይም ጳፎስ ነው። በዚያ በኩል በአግባቡ የገባ ቱሪስት ፓስፖርቱን ይዞ መስመሩን ተሻግሮ ሰሜኑን አይቶ መመለስ ይችላል። መኪና የምትከራዩ ከሆነ የደቡቡ ኢንሹራንስ ሰሜን አይሠራም፣ መሻገሪያው ላይ ሌላ መግዛት አለባችሁ። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ ሁለቱም የእንግሊዝ ውርስ። ዋናውን ውርስ ከረሳነው ደግሞ፣ እንግሊዝ እስከ ዛሬ የደሴቷን 3 በመቶ ገደማ የሚሆን መሬት ለጦር ሰፈርነት ይዛለች። ነሐሴ ላይ አትሂዱ፣ ፀሐዩ ያቃጥላል።

መቼ ልሂድ ለምትሉ፣ ለፋሲካ። የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ገናን በታኅሣሥ 25 ቢያከብርም ፋሲካን የሚያሰላው እንደ እኛ በጥንቱ አቆጣጠር ስለሆነ ቀኑ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ላርናካ መሐል የአልዓዛር ቤተ ክርስቲያን አለ። በትውፊታቸው ጌታ ከሞት ያስነሳው አልዓዛር በኋላ ወደዚህ መጥቶ ጳጳስ ሆኗል፣ ሁለተኛም የሞተው እዚሁ ነው፤ መቃብሩ ከመቅደሱ ሥር ይታያል። ከከተማው ወጣ ብሎ በተራራ ጫፍ ላይ ስታቭሮቩኒ ገዳም አለ፤ ንግሥት እሌኒ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ የመስቀሉን ግማድ ትታበታለች የሚባልበት። ግሼንን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። ሴት ግን አይገባም፣ እንደ ደብረ ዳሞ። ቪዛ ባገኝ እንኳ እዚያ ከበር ነበር የምመለሰው ማለት ነው።

ሰርጉ

በስልክ አየሁት። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሥነ ሥርዓቱ ሩብ ሰዓትም አልፈጀም። አክስቴ በአበሻ ቀሚስ ከፊት ቆማ እልል ስትል ሹሟ ደንግጣ ብዕሯን ጣለች። (ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ቪዲዮው አለኝ።) ከዚያ አልዓዛር ሄደው አክስቴ ጧፍ አበራች። አማቿም፣ ልጇም፣ ባሏም ውጪ ጠበቋት።

በማግስቱ ኒቆስያ ሄዱ። ሌድራ ጎዳና ላይ ተሰልፈው ወደ ሰሜን ሲሻገሩ፣ የሰሜኑ ፖሊስ የአክስቴን ፓስፖርት ገልጦ የትውልድ ቦታዋን አየና ቀና ብሎ አያት። አክስቴ የሆነውን ስትነግረኝ ድምጿ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ኢትዮጵያ? አለኝ። አዎ አልኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የእስራኤል ፓስፖርት ይዤ፣ ልቤ ዘለለ እኮ አንቺ ልጅ! ሊመልሰኝ ነው ብዬ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየት አደረገና፣ ሂጂ ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ።»

«ማዶ ምን አየሽ?» አልኳት።

«ምንም። ጫማ ሱቅ ነው ያለው።»